ካርታና ገበጣ በኮምፒዩተር፤ ጠጠሩን ማን ይቁጠር?

በኮምፒዩተር ክፍላችን በር ላይ ሰሞኑን የተለጠፈችውን ወረቀት ያላያት ያለ አይመስለኝም። «በኮምፒዩተር ካርታ መጫወት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ትላለች። ከሥሯም ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በእስክሪብቶ «የጂኦግራፊ ካርታስ?» ሲል ጨምሮባታል። አንብበን ሳቅን፤ አለፍን። ነገሩ ግን በሳቅ ብቻ የሚታለፍ ስላልሆነ፣ የግድግዳ ጋዜጣችን አዘጋጆች ቦታ ከሰጡኝ ዘንድ፣ እኔም የሒሳብ መምህር እንደመሆኔ መጠን የሚሰማኝን በግልጽ ልናገር።

በመጀመሪያ ለባለ ሐቅ ሐቁን ልስጥ። ወረቀቷን የለጠፉት የሥራ ባልደረቦቼ ያለ ምክንያት አልለጠፏትም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መሣሪያዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ አንድ ጊዜ ከተኙ ለመነሣት ልመና የሚፈልጉ ናቸው። መብራትም እንደ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ደስ ይላል፣ መቼ እንደሚሄድ ግን አይናገርም። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ አንዲት እጩ መምህርት የትምህርት ዕቅዷን ለመጻፍ በር ላይ ወረፋ ይዛ ቆማ ሳለች፣ ውስጥ የተቀመጠው ወንድሟ ቀዩን ሰባት በጥቁሩ ስምንት ላይ እየደረደረ ሰዓቱን ቢፈጅ፣ ይህ ጨዋታ ሳይሆን የሰው ድርሻ መብላት ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ከዚያ ወዲያ ነው። ከመምህራን ክበብ ሻይ ስንጠጣ «ለመሆኑ ጨዋታ ምን ጊዜም የሥራ ፈት ነገር አይደለም ወይ?» የሚል ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁ። አንዳንዱም «ካርታውን ከነጭራሹ ከመሣሪያዎቹ አውጥተን ብንጥለው ይሻላል» ብሏል። አይ! ይህማ መድኃኒቱ ከበሽታው የባሰ ነው። መምህር የሚሆን ሰው ጨዋታን እንዲህ በጅምላ ከረገመ፣ ነገ ከአርባና ከስልሳ ሕፃናት ፊት ቆሞ ምን ሊላቸው ነው?

እስቲ ስለዚያች ካርታ ታሪክ ጥቂት እንጨዋወት። ሶሊቴር የምትባለው፣ አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወታት የካርታ ጨዋታ በኮምፒዩተር ላይ ታዋቂ የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1990 ዊንዶውስ 3.0 ከተባለው ሥርዓት ጋር አብራ በመውጣቷ ነው። ፕሮግራሟን የጻፈው ዌስ ቼሪ የሚባል ወጣት ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ በማይክሮሶፍት ኩባንያ እንደ እናንተው ተለማማጅ ነበር። የካርታዎቹን ሥዕል የሠራችው ደግሞ ሱዛን ኬር ናት። ጨዋታዋ በዓለም ላይ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ሰዎች ደርሳ ሳለ፣ ልጁ ከሽያጩ አንድም ድርሻ አላገኘም። የሚያስቀው ግን ሌላው ነው። ቼሪ በፕሮግራሙ ውስጥ «የአለቃ ቁልፍ» አስገብቶ ነበር፤ ይኸውም አለቃ ሲመጣ ስትጫነው ካርታውን ሰውሮ የሥራ ሠንጠረዥ የሚመስል ነገር የሚያሳይ ነው። ኩባንያው ይህን አስወጣው። ባይወጣ ኖሮ ያቺ በራችን ላይ ያለች ወረቀት ባላስፈለገች ነበር!

ለምን እንደ ገባችም ማወቅ ይጠቅማል። ያኔ አይጧ፣ ማለትም ማውሱ፣ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ነበረች። ነገርን በአይጥ ይዞ፣ ጎትቶ፣ ሌላ ቦታ መጣል እንዴት እንደሆነ ሰው በመመሪያ መጽሐፍ ቢነገረው አይገባውም፤ ካርታ አንሥቶ ካርታ ላይ ሲያስቀምጥ ግን ሳያውቀው ይማረዋል። ይህ የማስተማር ዘዴ ነው፤ ያውም ጥሩ የማስተማር ዘዴ። እኔ ራሴ ከጠመኔ ወደ አይጥ የተሻገርኩት በዚያች ካርታ ነው። ዕድሜዬ ገፍቶ ስለ ነበር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አይጧን ወደ ቀኝ ስል ጠረጴዛው አለቀብኝ። ያስተማረኝ ልጅ፣ እዚሁ እኛ ዘንድ ሠልጥኖ የወጣ፣ «ጋሼ፣ አይጧን አንሥተው መልሰው ያስቀምጧት» አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ሁለት ጊዜ እንደ ተጫወትኩ አልክድም። እሺ፣ ከሁለት ይበልጣል።

በሌላው ዓለምም ይኸው ጣጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 የኒውዮርክ ከተማ ከንቲባ የነበሩት ማይክል ብሉምበርግ አንድ የከተማው ሠራተኛ በኮምፒዩተሩ ላይ ሶሊቴር ተከፍቶ ስላዩ ከሥራ አባርረውታል። ስለዚህ የእኛ ወረቀት ለዘብተኛ ናት ማለት ይቻላል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? በእኔ አስተያየት ችግሩ መጫወቱ ላይ ሳይሆን፣ ከጨዋታው ውስጥ የትኛውን ክፍል ሰውዬው እንደሚሠራና የትኛውን ክፍል መሣሪያው እንደሚሠራለት አለማስተዋላችን ላይ ነው። ካርታ ሰው ከሰው ጋር ሲጫወት ማደባለቅ አለ፣ ማደል አለ፣ መቁጠር አለ፣ የሌላውን ፊት ማንበብ አለ፣ «አንተ! ያቺን ካርታ ከየት አመጣሃት?» ብሎ መያዝ አለ። በኮምፒዩተር ላይ እነዚህ ሁሉ የሉም። መሣሪያው ያደባልቃል፤ መሣሪያው ያድላል። የማይሆን ካርታ የማይሆን ቦታ ብታስቀምጥ አይጮህብህም፤ ዝም ብሎ ወደ ነበረችበት ይመልሳታል። ልትሳሳት አትችልም። ልታጭበረብርም አትችልም። መሳሳትና ማጭበርበር የማይቻልበት ጨዋታ ደግሞ፣ ምሽት ለማሳለፍ ያገለግል እንደሆነ እንጂ፣ ለልጅ የሚያስተምረው ነገር ትንሽ ነው።

ይህ ነገር በካርታ ብቻ ቢቀር ባልጻፍኩ ነበር። ካርታ ከውጭ የመጣብን ነው፤ ቢሄድም ቢመጣም ያው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ገበጣ ነው።

ብዙዎቻችሁ ልጆች ነበራችሁ፤ ታላላቆቻችሁ ግን ኖኪያ 3310 የተባለችውን ስልክ ያስታውሷታል። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣች፣ ድንጋይ ላይ ብትወድቅ ለድንጋዩ የሚታዘንላት ስልክ ናት። በውስጧ ከእባቡ ጨዋታ ጋር «ባንቱሚ» የሚባል ነገር ነበር። እዚህ ከተማ ውስጥ ስንቱ ሰው ባንቱሚን ከፍቶ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ዘጋው! ሁለት መደዳ ጉድጓድ፣ በያንዳንዱ መደዳ ስድስት፣ በየጫፉ አንዳንድ ጎተራ። ወገኖቼ፣ ገበጣ እኮ ነበረች! የአያቶቻችን ጨዋታ ከፊንላንድ ኩባንያ ስልክ ውስጥ በሌላ ስም ተቀምጣ ቆየችን፤ እኛም አላወቅናትም።

ያላወቅናት ያለ ምክንያት አይደለም። የስልኳ ደንብ የእኛ ደንብ አልነበረም። ያ ደንብ «ካላህ» ከተባለው ጨዋታ የመጣ ነው። ካላህን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1940 ዊልያም ጁሊየስ ቻምፒዮን የተባለ አሜሪካዊ፣ የአፍሪካንና የእስያን የገበጣ ቤተሰብ ጨዋታዎች መሠረት አድርጎ፣ ለአገሩ ልጆች እንዲመች አቅልሎ ያዘጋጀው ነው። ነገሩን ቀለል አድርጎታልና ኮምፒዩተር ሠሪዎችም ወደዱት። እ.ኤ.አ. በ2000 ሦስት ተመራማሪዎች ባለ ስድስት ጉድጓዱንና በያንዳንዱ ጉድጓድ አራት አራት ፍሬ ያለውን ካላህ በኮምፒዩተር እስከ መጨረሻው ፈቱት፤ ቀድሞ የጀመረው ካልተሳሳተ የሚያሸንፍ መሆኑን አረጋገጡ። በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ የአምስተርዳም ሰዎች፣ ጆን ሮማይንና ሄንሪ ባል፣ የምዕራብ አፍሪካውን አዋሪ 889 ቢሊዮን የሚሆኑ አቀማመጦች በኮምፒዩተሮች አስልተው ሁለቱም ወገኖች ሳይሳሳቱ ከተጫወቱ እኩል እንደሚወጡ አሳዩ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ሆኖም ግን የተፈታው የእነሱ ደንብ እንጂ የጓንጓ፣ የአንከሻ፣ የዳንግላ ደንብ አይደለም። የእኛን የፈታው የለም። ለመፍታት በመጀመሪያ መጻፍ ነበረበትና።

ጨርሶ አልተጻፈም ማለቴ ግን አይደለም። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ረዥም ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ያሉትን በአሥሮች የሚቆጠሩ የገበጣ ዓይነቶች ከነደንባቸው ዘርዝረዋል። ባለ ሁለት መደዳ አለ፤ በቀረው ዓለም እምብዛም የማይገኘው ባለ ሦስት መደዳ አለ፤ የጉድጓዱ ቁጥር፣ የጠጠሩ ብዛት፣ የአበላሉ ሥርዓት እንደየአገሩ ይለያያል። በቅርቡም ቅኔ ጌምስ የተባለ የአዲስ አበባ ድርጅት «ኩኩሉ»ን ጨምሮ ገበጣንም በስልክ እንድንጫወት አድርጎ አዘጋጅቷል። የአገር ልጅ ለአገር ጨዋታ እንዲህ መድከሙ የሚያኮራ ነው። ቢሆንም አንድ ስልክ ውስጥ የሚገባው አንድ ደንብ፣ ቢበዛ ሁለት ደንብ ነው። ያልገባው ደንብ ከአያት ጋር ይቀበራል።

ስለ ሰንጠረዥም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ከርእሴ ትንሽ ብወጣ ይቅርታ። የጥንቱ የአገራችን ሰንጠረዥ አጀማመር ከዛሬው ቼዝ ይለያል። አሁን አንተ፣ ቀጥሎ እኔ የሚባል ተራ መጀመሪያ ላይ የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች ባንድ ጊዜ፣ እንደ እጃቸው ፍጥነት፣ ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም «ወረራ» ይባል ነበር። የመጀመሪያው ተዋጊ እስኪበላ ድረስ ተራ አይታወቅም፤ ከዚያ በኋላ ነው ተራ የሚገባው። ባላንጣህ ምን እያደረገ እንዳለ በአንድ ዓይንህ እያየህ በሌላው የራስህን ታሰናዳለህ ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጣው እንግሊዛዊ ሔንሪ ሶልት በትግራይ ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ሲጫወቱት ያየ ሲሆን፣ ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ምክር እየሰነዘረ እንደሚጮህ ጽፏል። ማት አደራረጉም ክብርና ውርደት ነበረው፤ በብርቱዎቹ በፈረስና በደር ከሚሰጠው ማት ይልቅ በደካሞቹ ተዋጊዎች የተሰጠው ይወደስ ነበር። እስቲ ይህን ለኮምፒዩተር ንገሩት! ኮምፒዩተር ማሸነፍን ያውቃል፤ በምን ማሸነፍ እንደሚያስመሰግን ግን ካልነገሩት አያውቅም። ተራ የሌለበትን ወረራም ለመሥራት የሚደክም ፕሮግራመር ጥቂት ነው፤ ቼዙ ተዘጋጅቶ ተቀምጧላ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው ሰንጠረዥ ከመካከላችን የወጣው። ዛሬ ከእናንተ መካከል ወረራን የተጫወተ ካለ እጁን ያውጣ። ቡና እጋብዛለሁ።

ወደ ገበጣችን እንመለስ። እኔ ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤታችን ግቢ ጥግ መሬቱን ቆፍረን ሁለት መደዳ፣ ስድስት ስድስት ጉድጓድ አድርገን፣ አራት አራት ጠጠር እየሞላን እንጫወት ነበር። አንድ ቀን አንድ መምህራችን (ስማቸውንም ትምህርት ቤቱንም መጥቀስ አያስፈልግም) ደርሰው ጉድጓዶቹን በጫማቸው ደፈኑ፤ እኛንም በአርጩሜ ጠበሱን። «ሒሳባችሁን አትሠሩም?» አሉን። ያኔ መልስ አልነበረኝም። መልሱ የመጣልኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እነሆ።

አሥራ ሁለት ጉድጓድ አለ እንበል። ከአንዱ ጉድጓድ 17 ጠጠር አነሣህ። ከሚቀጥለው ጀምረህ አንድ አንድ እየጣልክ ብትዞር፣ አሥራ ሁለተኛው ጠጠር ካነሣህበት ጉድጓድ ላይ ይወድቃል፤ አምስት ይቀርሃል፤ የመጨረሻው ጠጠር ከመነሻህ አምስተኛው ጉድጓድ ላይ ያርፋል። ይህ 17 ለ12 ሲካፈል ቀሪው 5 ነው ማለት ነው። ጎበዝ ገበጣ ተጫዋች ደግሞ ይህን የሚያውቀው ዘርቶ ከጨረሰ በኋላ አይደለም፤ ሳያነሣ በፊት ነው። ጉድጓዱ ውስጥ አጮልቆ ያያል፤ ጠጠሩን በዓይኑ ይገምታል፤ ዙሩን በልቡ ይቀንሳል፤ የት እንደሚያርፍ ያውቃል፤ ከዚያም የባላንጣውን ጉድጓድ ተመልክቶ ይበላ አይበላ እንደሆነ ይወስናል። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እረኞች ይህን ሲያደርጉ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ደግሞ ለእጩ መምህራን ስለ ቀሪ ያለው ማካፈል በሰሌዳ ላይ ስጽፍ እውላለሁ፤ ከፊታቸው ላይ እንቅልፍ ሲያልፍ አያለሁ።

አሁን ያንኑ ገበጣ በስልክ ተጫወቱ። ጉድጓዱን በጣትህ ትነካዋለህ። በቃ። ጠጠሮቹ በራሳቸው ብር ብለው ይበተናሉ፤ እያንዳንዱ ጉድጓድ አጠገብ ስንት እንዳለ በቁጥር ተጽፏል፤ ብትበላም መሣሪያው ሰብስቦ ጎተራህ ያስገባልሃል። ልጁ መማር የነበረበትን ያቺኑ ሥራ፣ መቁጠሩን፣ መሣሪያው ሠራለት። ለልጁ የተረፈው መንካት ብቻ ነው። ነገሩ አንድ ሰው ለተማሪው የቤት ሥራውን ሠርቶለት «ፈርም» እንደሚለው ያለ ነው። አንዱ ሠልጣኝ ይህን ስነግረው «መምህር፣ ታዲያ በስልክ ሲጫወቱ እኮ ስልት ይማራሉ» አለኝ። እውነት ነው፤ ስልት ይማራሉ። ነገር ግን ስልት የሚመጣው ከቁጥር በኋላ ነው፤ የመጀመሪያና የሁለተኛ ክፍል ልጅ የሚያስፈልገው ቁጥሩ ነው። ለአዋቂማ ስልኩ መልካም ባላንጣ ነው፤ አይደክምም፣ አይቆጣም፣ በእኩለ ሌሊትም ይገኛል። ሚስት ከተኛች በኋላ ማንን ቀስቅሼ ገበጣ ልጫወት?

የዋጋውንም ነገር እናስላ። ነገ የምትመደቡበት ትምህርት ቤት መብራት ላይኖረው ይችላል፤ ኮምፒዩተርማ ተዉት። በክፍላችሁ 60 ልጆች ቢኖሩ ሁለት ሁለት አድርጋችሁ ስታስቀምጧቸው 30 ገበጣ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ገበጣ 12 ጉድጓድ፣ በያንዳንዱ 4 ጠጠር፣ ድምሩ 48 ጠጠር። ሠላሳ ጊዜ 48 ሲሆን 1,440 ጠጠር ነው። ልጆቹ አንድ እረፍት ላይ ለቅመው ያመጡታል፤ ለቅሞ መቁጠሩም ራሱ አንድ ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነው። በጀት አልጠየቅን፣ ደብዳቤ አልጻፍን። በጫግኒ ክረምት ዝናቡ ጉድጓዱን ይሞላዋልና፣ ያኔ የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን ወይም የእንጨት ገበጣ መፈለግ ግድ ይሆናል። ይህንንም ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይኸውም ጭቅጭቁ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከማንጎው ጥላ ሥር አንዲት ከአንከሻ የመጣች እጩ መምህርትና አንድ የዳንግላ ልጅ ገበጣ ሲጫወቱ ቆሜ አየሁ። ጥቂት ሳይቆዩ ተጣሉ። እሱ የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ሲያርፍ ተራው አለቀ ይላል፤ እሷ ደግሞ ባዶው ከእኔ ወገን ከሆነ ፊት ለፊት ያለውን እበላለሁ ትላለች። «ይህን ከየት አመጣሽው?» «አያቴ እንዲህ ነው ያስተማረችኝ!» «አያትሽ ተሳስታ ይሆናላ!» እንዴ! የሰው አያት ይነካል? ዙሪያውን ሰው ተሰበሰበ። የግቢያችን ዘበኛ አባባ ዱላቸውን ተደግፈው መጡና «እናንተ የምትሉት ሁለቱም ደንብ ነው፤ እኛ ግን ከብት ስንጠብቅ የምንሞላው ሦስት ሦስት ነበር» ብለው ሌላ ሦስተኛ ነገር ጨመሩበት። ግማሽ ሰዓት ያህል ተከራከሩ። በመጨረሻ የመጀመሪያውን ዙር በእሷ ደንብ፣ ሁለተኛውን በእሱ ደንብ እንጫወት ብለው ተስማሙ። ማን እንዳሸነፈ አላስታውስም።

ያ ግማሽ ሰዓት ግን ከልቤ አልወጣም። ደንብ ከሰው እንደሚመጣ፣ ደንብ ሊለያይ እንደሚችል፣ ተቀምጠው ተነጋግረው ካልተስማሙ ጨዋታ እንደማይጀመር፤ ይህን ሁሉ እነዚያ ሁለት ልጆች ያለ መምህር ተማሩ። በስልክ ላይ እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ የለም። ደንቡ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ማን እንደ ቆለፈው አይታወቅም፤ አያት ይግባኝ አይባልባትም። ልጆቻችን ከገበጣ የሚያውቁት የስልኩን ብቻ ከሆነ፣ የገዛ አያታቸውን ደንብ ሲሰሙ «ተሳስታለች» ማለታቸው አይቀርም። የዳንግላው ልጅ እንኳ ብሏል፤ እሱ ደግሞ ከስልክ ሳይሆን ከአጎቱ ተምሮ።

ስለሆነም የማቀርበው ሐሳብ እንደሚከተለው ነው። በሥራ ሰዓት በኮምፒዩተር ክፍል ካርታ መጫወት እንደ ተከለከለ ይቆይ፤ ወረፋ አለና። ነገር ግን የኮምፒዩተር መምህራኖቻችን በትርፍ ሰዓት ከፈቃደኛ ሠልጣኞች ጋር ሆነው የራሳችንን ገበጣ ይሥሩ። ሥራው የሚያስፈራ አይደለም። ለኮምፒዩተር ገበጣ ማለት በተርታ የተቀመጡ አሥራ ሁለት ቁጥሮች ናቸው፤ መዝራት ማለት ከአንዱ ቁጥር አንሥቶ ለሚቀጥሉት አንድ አንድ መጨመር ነው፤ አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ወደ አንደኛው መመለስ ነው። የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ላይ ሲያርፍ ምን ይደረግ የሚለው ሁለት ሦስት መስመር ትእዛዝ ነው። የአንከሻዋን አያት ደንብ አውጥቶ የዳንግላውን አጎት ደንብ ማስገባት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ፕሮግራም መጻፍን ለመማር ከዚህ የተሻለ መልመጃ አላውቅም፤ ከማላውቀው አገር የመጣ የባንክ ሒሳብ ምሳሌ ከመቅዳት ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። የምንሠራው ገበጣ ጠጠሩን አይዝራልን። ተጫዋቹ ራሱ፣ አንድ በአንድ፣ በየጉድጓዱ ይጣል። በጉድጓዱ አጠገብ ቁጥር አይጻፍ። አንዱ ሁለት ጠጠር ባንድ ጉድጓድ ቢጥል ወይም አንዱን ጉድጓድ ቢዘል መሣሪያው ዝም ይበል፤ ባላንጣው ዓይን የለውም እንዴ? አይቶ «ቁም!» ይበል። የኮምፒዩተር መምህሩ ይህን ስነግራቸው «እንዲህ ከሆነ ታዲያ ኮምፒዩተሩ ለምን አስፈለገ?» ብለው ሳቁብኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ያስፈለገበት ምክንያት ደንቡን እንዲይዝልንና ዳንግላ ያለው ሠልጣኝ ከጫግኒው ጋር እንዲጫወት እንዲያደርግልን ነው፤ ስለ እኛ እንዲያስብልን አይደለም። እሳቸው እስካሁን አልተስማሙም። ይህን ጽሑፍ አንብበው በዚሁ ግድግዳ ላይ መልስ ቢሰጡኝ ደስ ይለኛል፤ ቦታው ከእኔ ጽሑፍ በስተቀኝ ባዶ ነው።

ፕሮግራሙ እስኪሠራ ግን ደንቡ መሰብሰብ አለበት፤ ይህም ኮምፒዩተርም መብራትም አይጠይቅም። በሚቀጥለው ጊዜ ለፕራክቲከም ወደየትምህርት ቤቱ ስትወጡ፣ ያደራችሁበት ቤት አያት ወይም አሮጌ እረኛ ፈልጉና ገበጣ ተጫወቱ። ተሸንፋችሁ ስትጨርሱ፣ መሸነፋችሁ አይቀርም፣ እነዚህን ጠይቁ፦ ስንት መደዳ ነው? በየጉድጓዱ ስንት ይሞላል? ከየት ወደ የት ይዘራል? የመጨረሻው ጠጠር ባዶ ላይ ሲያርፍ ምን ይሆናል? ሲበላስ ምን ተብሎ ይጠራል? ቃሉን እንዳለ ጻፉ። በዞናችን በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የማስተማሪያ ቋንቋ አዊኛ ነውና፣ የነገሯችሁ በአዊኛ ከሆነ በአዊኛ ጻፉት፤ ወደ አማርኛ ለመመለስ አትቸኩሉ። ነገ የሒሳብ መጽሐፍ የሚያዘጋጅ ሰው ያንን ቃል ይፈልገው ይሆናል፤ ቃሉን ደግሞ ከመዝገበ ቃላት ላያገኘው ይችላል። የነገረንን ሰው ቀበሌና ዕድሜ ጻፉ፤ ስሙን ግን ካልፈቀደ ተዉት።

እስካሁን አራት ደንብ ተሰብስቧል፤ የአንከሻዋ፣ የዳንግላው፣ የዘበኛችን የአባባና የእኔ። የእኔን ሳነበው ሁለት ቦታ ላይ ራሴን ስለተቃረንኩ ታላቅ እኅቴን ደውዬ ጠይቄአታለሁ፤ እሷም «አንተ እኮ ድሮም ታጭበረብር ነበር» ብላኛለች። አራተኛው ስለዚህ እንደገና ይጻፋል። ደብተሩ በመምህራን ክበብ መስኮት ላይ ተቀምጧል፤ ሽፋኑ ሰማያዊ ነው። እስክሪብቶ ግን እየጠፋብን ስለሆነ የየራሳችሁን ይዛችሁ ኑ።